የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያቀና መንገደኛ፣ ከተማውን በቅጡ ሳይሰናበት ወለቃ ከምትባል መንደር ይደርሳል። ወለቃ ለጎብኚ የምታሳየው ቤተ መንግሥት የላትም፤ ግንቡ ከከተማው ቀርቷል። ያላት የመንገድ ዳር ነው። በዚያ መንገድ ዳር፣ በእንጨት መደብ ላይ ወይም በመሬት በተነጠፈ ጨርቅ ላይ፣ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጡ የሸክላ ሰዎች ተሰልፈው ገዢ ሲጠብቁ ኖረዋል፦ ልጇን ያዘለች እናት፣ መጽሐፍ የያዘ ካህን፣ እንስራ የተሸከመች ኮረዳ፣ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ፣ በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ከእነርሱ ኋላ የምትቀመጠው ሠሪዋ ራሷ ናት። ጭቃው ከጥፍሯ ሥር ገና አልለቀቀም።

ስለ ኢትዮጵያ ዕደ ጥበብ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው ዕቃው ነው። ቅርጹ ይመረመራል፣ ዕድሜው ይገመታል፣ የመጣበት አገር ይጠቀሳል፤ የተሸጠበት ቦታና የተሸጠበት ዋጋ ግን የቤት ገመና ይመስል ተሸፋፍኖ ይታለፋል። ጥበብና ገንዘብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ የሚሽኮረመም ብዕር ጥቂት አይደለም። የወለቃ ነገር ግን ከገበያው ተነጥሎ ሊተረክ አይችልም፤ እነዚያን ትንንሽ ሰዎች የወለደው መንገዱ ነውና።

ወለቃ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባቸው ከነበሩት የጎንደር ዙሪያ መንደሮች ስሟ የገነነው ነበረች። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ ያልተጠመቀ ሁሉ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደረገ። ርስት የሌለው ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። ወንዱ ወናፍና መዶሻ ያዘ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቲቱ ጭቃ አቦካች። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ከእርሳቸውም በኋላ የተነሡት ነገሥታት ግንብ ሲያስገነቡ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ አይቶ ወደ ወለቃ የወጣ ጎብኚ፣ በመንገድ ዳር ያገኛት ሸክላ ሠሪ የግንበኞቹ የልጅ ልጅ ልትሆን እንደምትችል ስንቱ አስቦት ይሆን?

ውለታቸው የተመለሰው በስድብ ነው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ በእነርሱ እጅ የተቀጠቀጠ፣ ሚስቱ የምትጋግርበት ምጣድ በእነርሱ እጅ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ሠሪዎቹ «ቡዳ» ተባሉ። ቀን ከእሳት ጋር ሲታገል የዋለው ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ እንደሚዞር ለልጅ ተተረተ። ምጣዱ ከጓዳ ሲገባ ምጣዱን ያመጣችው ሴት ከደጅ ተመለሰች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ታላቅ ነው፤ ይሁን እንጂ አዋጅ የሚነገረው በአደባባይ ሲሆን ተረት የሚነገረው በምድጃ ዳር ነው፤ ሁለቱም በየቦታቸው ቀጠሉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት አልባነቱ በሕግ ቀረ። ስድቡ ግን ሲጀመርም በሕግ የተሰጠ አልነበረምና በሕግ አልተነሣም።

ይህች ሴት ለብዙ ዘመን ስትሸጥ የኖረችው እንስራ፣ ጋን፣ ድስት፣ ምጣድና ጀበና ነው። ይህ ዕቃ የራሱ ጥብቅ ሥርዓት አለው። እንስራ ለጀርባ ካልተመቸ እንስራ አይባልም፤ የጀበናው አንገት ካልቀጠነ አተላው ከቡናው ጋር ይወርዳል። ገዢዋም ቀላል ዳኛ አይደለችም፤ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ትሰማለች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ስንጥቅ ትፈልጋለች። የጎንደር ታላቁ ገበያ ደግሞ የሚውለው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ለቤተ እስራኤል ሰንበት ናት፤ እሳት አይነድባትም፣ አይሸጥባትም። በዚያች ቀን የማትገበይ ሴት ያላት ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ ነው፤ የገዛ ደጃፏና የመንደሯ መንገድ ገበያዋ ቢሆን አያስደንቅም።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ሌላ ዓይነት ገዢ መጣ። ጎንደርን ሊጎበኝ በአውሮፕላን የደረሰ የውጭ አገር ሰው፣ ከእነዚህም መካከል ስለ ቤተ እስራኤል ሰምቶ ሊያያቸው የመጣ አይሁዳዊ ነበረ። ጋን በአውሮፕላን አይጫንም። እንግዳው የፈለገው በእጅ ቦርሳ የሚገባ፣ አገሩ ሲደርስ በመደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚታይ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሊያይ የመጣው ሰዎቹን ራሳቸውን ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ፈጥና ተረዳች፤ ራሷን ሠርታ ሸጠችለት። ካህኑን ከነጥምጥሙ፣ እናቲቱን ከነአንቀልባዋ አቆመችለት። በእንስራ ላይ ማንም የማይጠይቃትን የዳዊት ኮከብም፣ እንግዳው ስለወደደው፣ በአንበሳው ጀርባ ላይ ነቀሰችለት።

በዚህ የሚሳለቁ አልታጡም። ለቱሪስት የተሠራ ጌጥ ነው፣ ጥንታዊነት የለውም፣ የገበያ ሥራ ነው ይላሉ። ለገዢ ተብሎ የተሠራ ሁሉ ዋጋ ቢስ ከሆነ፣ በነገሥታትና በመኳንንት ትእዛዝ፣ አሠሪው ከግርጌው ተደፍቶ ሲጸልይ እየታየ የተሣለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ምን ሊባል ነው? እርግጥ ነው፣ ከወለቃ ሸክላዎች መካከል እንደ ጡብ በችኮላ የተመረቱ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ እጃቸው የማይዝ ብዙ ናቸው። ደህናዎቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። አንገቷን በጥቂቱ ያዘነበለች እናት፣ የተሸከመችው ልጅ ክብደት በትከሻዋ ላይ የሚታወቅ፣ በጣት ሁለት ጭመቃ የተሠራች፤ እርሷን የሠራ እጅ የቅርጽ ጥበብ ከማንም አልተማረም፣ ያውቀዋል እንጂ። ለዘመናት ውሃ የሚይዝ ነገር ብቻ እንድትሠራ የተፈቀደላት ሴት፣ ውሃ የማይዝ ነገር ለመሥራት ፈቃድ ያገኘችው ከመንገደኛ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይደቀቃል፣ ይነፋል። ብቻውን የተቦካ ጭቃ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃልና አሸዋ ወይም ተፈጭቶ የላመ ገል ይጨመርበታል፤ የተሰበረ ድስት በዚህ መንገድ ሁለተኛ ይወለዳል። የሸክላ መንኮራኩር የለም። ትልቅ ጋን ሲሠራ የምትዞረው ሴቲቱ ናት፣ ጭቃው ባለበት ይቆማል። ትንሹ ሰው ግን በመዳፍ ውስጥ ነው የሚበጀው፤ ወገቡ ይጨመቃል፣ ክንዱ ይቀጠላል፣ ዓይኑ በስንጥር ወይም በእሾህ ይነደፋል። ከዚያ በጥላ ለቀናት ይደርቃል፣ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ተከብቦ ይተኮሳል። ጣሪያ የሌለው ምድጃ ነውና ነፋሱ በወደደው በኩል ያጠቃዋል። እርጥበቱ በሙሉ ያልወጣለት ካህን እሳት ውስጥ ይፈነዳል፣ አጠገቡ የቆመችውንም እናት ይዞ ይጠፋል። እሳቱ ሲበርድ ሴቲቱ አመዱን በእንጨት እየገለጠች የተረፉትን ትለቅማለች፤ ጭሱ ያገኘው ጠቁሮ፣ ያላገኘው ቀልቶ ይወጣል። ጎብኚው «ለዚህች ለትንሿ ይህን ያህል?» ብሎ ሲከራከር፣ አመድ ውስጥ የቀሩትን አላያቸውም።

ክርክሩ ራሱ ግን መልካም ነገር ነው። ቴአትር የሚያውቅ ሰው በወለቃ መንገድ ዳር ጥቂት ቢቆም ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም። ቋንቋ የማይጋሩ ሁለት ሰዎች በጣት፣ በቅንድብና በዝምታ ይደራደራሉ። ገዢው አንበሳውን ያነሣል፣ ይመልሳል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፤ ሴቲቱ አታየውም፤ ይመለሳል። የአገሩ ሰው ቢያልፍ ደግሞ «እትዬ፣ ወጥ አይሠራበት፣ ውሃ አይቀዳበት፣ ይሄ ምን ይሆናል?» ቢል አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና በተደረደሩት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ያው አንበሳ በመስታወት ኋላ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። እዚያ ገዢው የሚያነጋግረው ነጋዴውን ነው፤ አንበሳውም የሠራው ሰው እንደሌለ ሁሉ ዝም ብሎ ይሸጣል። በመንገድ ዳር ግን ዕቃውን የያዘችው እጅና የሠራችው እጅ አንድ ናት። ያቺ እጅ ደግሞ በአገሯ ሰው ዘንድ ስትሸሸግ የኖረች እጅ ናት።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተጓጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ቁጥር ወደ 8,000 ይጠጋል። የቀሩት ብዙዎቹ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወርደው ተራቸውን ጠበቁ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች መቀመጫቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች ተጭነው ሄዱ። ለጓዝ ቦታ አልነበረም፤ ጭቃማ ጭራሽ። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጥቂቶቹ በአዲሱ አገራቸው በፋብሪካ የተዘጋጀ ጭቃና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምድጃ አግኝተው ሥራውን ቀጥለዋል። ሆኖም በፎቅ ቤት ኩበት አይነድድም፤ ልጆቻቸውም ሌላ ትምህርት፣ ሌላ ሥራ ይዘዋል።

ወለቃስ? መንገዱ አልተነሣም፣ ጎብኚውም መምጣቱን አላቋረጠም። ቤተ እስራኤላውያኑ ሲሄዱ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጭቃውን አነሡ። በመንደሩ ሴቶችን በሸክላና በሽመና የሚያሠለጥን ማዕከልም ተቋቋመ። ያው አንበሳ፣ ያው ኮከብ፣ ያው ሰሎሞንና ያችው ሳባ በዚያው መንገድ ዳር ተሰለፉ። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲሰማ እንደተታለለ ሰው ይቆጣል፤ «እውነተኞቹ» ሄደዋል ይላል። ቁጣው ቦታውን የሳተ ይመስላል። እዚህ ላይ የሚደንቀው ሌላ ነው። ለዘመናት ጭቃ መንካት የቡዳ ሥራ ነው ሲባል በኖረበት አካባቢ፣ ያንኑ ጭቃ የሰዳቢዎቹ የልጅ ልጆች ለእንጀራቸው ሲሉ አቦኩት፤ ማናቸውም ጅብ አልሆኑም። ከአዋጁ ይልቅ ይህ ሳይሻል አልቀረም፤ ነገር ግን የተሰደቡት ሰዎች ይህን ለማየት እዚያ አልነበሩም።

አንድ ነገር ግን ከሄዱትም ሆነ ከቀሩት ተነፍጓል፤ እርሱም ስም ነው። ለውጭ አገር ሰው በመሸጥ የኖሩ ሌሎች ኢትዮጵያውያን ጥበበኞች አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወጥተው በሸራ ላይ እየሣሉ የሸጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን ጽፈዋል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የፎውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ሙሉ መጽሐፍ ወጥቶላቸዋል። የወለቃዋ እናት ግን በየሙዚየሙ የምትታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በሕዝቡ ስም ነው፤ ያውም ባለቤቶቹ በማይወዱት «ፈላሻ» በሚለው ስም። ሠሪዋ አልተጠየቀችም። ጭቃው ሳይደርቅ ከግርጌው በእሾህ ስም መጻፍ፣ ፊደል ለማታውቅም አንድ ምልክት መጫር፣ የአንበሳውን ዓይን ከመንደፍ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ገዢውም እዚያው ፊት ለፊት ቆሟል፤ «ማን ልበል?» ለማለት ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

አሁን ችግሩ ገዢው ራሱ መጥፋቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋው፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጎብኚውን ከጎንደር አራቀው። እንግዳ በሌለበት መንገድ ዳር ሰሎሞንና ሳባን የሚገዛ የለም። በዚህ ጊዜ ሸክላ ሠሪ ወደ ጥንቱ ገዢ ትመለሳለች። እንስራውን ጀሪካን፣ ድስቱን ብረትና አሉሚኒየም ወስዶባታል። ጀበናን ግን እስካሁን የተካው የለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውም ምጣድ ቢሆን ፊቱ ሸክላ ነው። ጀበና የሚገዛው ሰው አንኳኩቶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ዋጋ አስቀንሶ ይሄዳል። ጀበናዎቹ ለእሳት ሲደረደሩ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱም ለአንዲት ስንዝር ለማትሞላ እናት ይበቃል።