የጉዳቱ ሰዓት፦ የአንጎል ጉዳት፣ የደም ጠቋሚዎችና የማገገም ትንበያ በጎጃም ደጋ

አንጎሉ የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ አስታማሚዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት «ይድናል ወይ? ድኖስ እንደ ቀድሞው ያርሳል ወይ?» ብለው ነው። በጎጃም ደጋ ይህ ጥያቄ የንብረት ጥያቄም ነው። በሽተኛውን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም ዓባይን አሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ለመውሰድ በሬውን የሚሸጥ ቤተሰብ አለ። በሬው ከተሸጠ በኋላ በሽተኛው ቢድን እንኳ የሚያርስበት ያጣል። እንግዲህ የተሳሳተ ትንበያ በሁለቱም በኩል ይጎዳል፤ ተስፋ ያለውን በሽተኛ ወደ ቤት ያስመልሳል፤ ተስፋ የሌለው ከሆነም ቤተሰቡን ያራቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ቲስዴልና ጄኔት ያወጡት የግላስጎው ኮማ መለኪያ ዛሬም የግምቱ መነሻ ነው። በሽተኛው ዓይኑን መግለጡን፣ መናገሩንና መንቀሳቀሱን አይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። ይሁን እንጂ አረቄ የጠጣ ወይም ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ነጥቡ ያለ አንጎል ጉዳትም ዝቅ ሊል ይችላል። ተመራማሪዎች ወደ ደም የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንጎል ሲጎዳ ከአስትሮሳይት ሕዋሳት ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ.፣ ከነርቭ ሕዋሳት ደግሞ ዩ.ሲ.ኤች.ኤል.1 የተባሉ ፕሮቲኖች ወደ ደም ይገባሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የፈቀደው የሁለቱ ፕሮቲኖች ምርመራ ሲቲ ስካን የማያስፈልገውን ለመለየት እንጂ ማገገምን ለመተንበይ አልነበረም።

ትንበያውን የፈተነው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 በ«ላንሴት ኒውሮሎጂ» ወጣ። በአሜሪካ 18 ማዕከላት 1,696 ጉዳተኞች በተጎዱበት ዕለት ደማቸው ተመርምሮ ከስድስት ወር በኋላ ያሉበት ሁኔታ ታየ። ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. የሚሞተውን ከሚተርፈው የመለየት ብቃቱ 0.87 ሆነ፤ ሙሉ በሙሉ የሚያገግመውን ከማያገግመው በመለየት ረገድ ግን 0.62 ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት 1.0 ፍጹም ነው፤ 0.5 ደግሞ ዕጣ ከማውጣት አይሻልም። ደሙ ስለ ሞት ብዙ፣ ስለ እርሻ ግን ጥቂት ይናገራል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። እነዚህ ፕሮቲኖች እንደ ክረምት ወንዝ ይሞላሉ፣ ይጎድላሉ። ዩ.ሲ.ኤች.ኤል.1 ከጉዳቱ በኋላ በ8 ሰዓት ገደማ፣ ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. በ20 ሰዓት ገደማ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ የጉዳቱ ሰዓት ያልተጻፈበት ውጤት ሊተረጎም አይችልም። በገጠር ግን ሰዓቱ የሚነገረው «ከብት ሲገባ»፣ «ዶሮ ሲጮኽ»፣ «ቅዳሴ ሲወጣ» ተብሎ ነው።

በቁጥር ሲነገርም ሌላ ወጥመድ ይጠብቃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተመታ ሰው ካርዱ ላይ «2:00» ተብሎ ይጻፍለት። ደሙ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲቀዳ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚሠራው የላቦራቶሪ መሣሪያ «4:00» ብሎ ይመዘግባል። በእውነቱ 8 ሰዓት አልፏል፤ መዝገቡን የሚያሰላው ተመራማሪ ግን 2 ሰዓት ብቻ ያገኛል። በጣሪያው ላይ ያለው ፕሮቲን ገና መውጣት የጀመረ ይመስላል። ይህን ስሕተት ውድ መሣሪያ አያርመውም።

ከውጭ የተወሰደ መለያ ቁጥርም እንዳለ አይሠራም። የስካንዲኔቪያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 መመሪያቸው ያስገቡት ኤስ100ቢ ከአንጎል ሌላ በስብና በቆዳ ቀለም ሕዋሳት ይገኛል። አጥንት ሲሰበርም መጠኑ ይጨምራል። በዱላ ተደብድቦ እጁም ጭንቅላቱም የተሰበረ ሰው ከፍ ያለ ኤስ100ቢ ቢገኝበት ምንጩ አንጎሉ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ጤናማ ጥቁር ሰዎች መጠናቸው ከነጮች ከፍ ብሎ መገኘቱም ተዘግቧል።

ይህ ሁሉ ጥናቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የክራሽ ሞዴል 10,008 ጉዳተኞችን መሠረት ያደረገ ሲሆን አብዛኞቹ ከዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነበሩ። መሠረታዊ ቀመሩ የሚፈልገው ዕድሜን፣ የግላስጎውን ነጥብ፣ የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽና ሌላ ከባድ የአካል ጉዳት መኖር አለመኖሩን ነው። አራቱም ያለ ላቦራቶሪ ይገኛሉ። ለደብረ ማርቆስ ተመራማሪ ተገቢው ጥያቄ የደም ጠቋሚው በእነዚህ በአራቱ ላይ ምን ይጨምራል የሚለው ነው።

ይህን ለመመለስ ሦስት ነገሮች ከመሣሪያው ይቀድማሉ፦ የጉዳቱ ሰዓት ከነአቆጣጠሩ፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት በዚያው አቆጣጠር፣ እንዲሁም የስድስት ወሩ ውጤት። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ጉዳተኛው ወደ ቀበሌው ከተመለሰ በኋላ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ተፈልጎ፣ ብቻውን ገበያ መሄዱ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ ሞፈር መጨበጡ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ መልስ በመዝገብ ካልተሰበሰበ፣ በሬውን ለመሸጥ ለሚያመነታው ቤተሰብ ከደም የሚነገረው ግምት በሌላ አገር ሕመምተኞች ላይ የተመሠረተ ሆኖ ይቀራል።