ደሜ በዛ ወይስ አነሰ?

እናቴ አራት ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ ጎረቤት ድግስ ባለ ቁጥር ሽንኩርት ስትከትፍ አድራ በማግስቱ እንግዳ ስታስተናግድ የምትውል ሴት ነበረች። ሐኪም ቤት የሄደችባቸውን ቀናት በጣቶቿ ትቆጥራቸዋለች። ከሁሉ የምታስታውሰው ሦስተኛ ልጇን በወለደች ሰሞን የሄደችበትን ነው። «ደም ማነስ ነው» ብለው ብረት ያለበት ክኒን ሰጧት፤ እርሷም ጉበትና ቀይ ሥር ጨምራበት ዳነች። ከዚያ ወዲህ ደም ማነስ የሚለውን ቃል እንደ ዘመድ ስም ታውቀው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ራስ ምታት ቢያስቸግራት ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ክንዷ ላይ ጨርቁን ጠምጥመው ከለኩ በኋላ ካርዱ ላይ 170 በ100 ተብሎ ተጻፈ። «ደም ብዛት አለብዎት እማማ፤ ይህችን ክኒን በየቀኑ ጠዋት ይዋጡ» ተባለችና ተረኛው ተጠራ። ነገሩ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔም ብሆን ወደ መሥሪያ ቤቴ ለመመለስ ስለቸኮልኩ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ከአምስት ወር በኋላ ድካም ተሰማኝ ብላ ሌላ ክሊኒክ ሄደች። ደም ተቀድቶ ተመረመረና «ትንሽ ደም ማነስ ታይቷል» አሏት። እናቴ በደስታ እየሣቀች ገባች።

«አየሽ ልጄ! ክኒኑ የበዛውን ደሜን ቀነሰው። እንዲያውም አሳልፎታል። ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ።»

አንባቢዎቼ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የበዛ ነገር ሲቀነስ፣ ሲቀነስም ከልክ ሲያልፍ በየቀኑ የማየው ነውና ነገሩ ትክክል መሰለኝ። ቡና ላይ የነበሩት ጎረቤቶችም አጸደቁላት። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲኒ ስታለቀልቅ ሲኒው ከቀኝ እጇ አመለጠና ተሰበረ። እርሷ ስባሪውን ቆማ ታየዋለች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስላት የመለሰችልኝ ቃል ቃል አልነበረም። አፏ ወደ ግራ ተጣሞ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽላት» ተባለ። ዳማከሴ ሲፈለግ፣ ሲታሽ፣ ሲሸተት አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ። ያችን አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ እየቆጠርኳት እኖራለሁ። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ አልነሣ ሲል፣ አንደበት ሲተሳሰር ጊዜ የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሆስፒታል ደርሰን ካርዱ ሲጻፍ አጮልቄ አነበብኩት፤ ማንበብስ አነበብኩ፣ ፊደሎቹ እንጂ ነገሩ አልገባኝም። አንደኛው መስመር ላይ «ኤች ቲ ኤን»፣ ከሥሩ «ሲ ቪ ኤ» ይላል። ወንድሜ አንዱን ወጣት ሐኪም ሲጠይቀው «ሴሬብሮቫስኩላር አክሲደንት» ብሎት በጥድፊያ አለፈ። ወንድሜ ከዚህ ሁሉ የያዛት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ናት። ወዲያው ስልክ ደውሎ «እማዬን የገጫት መኪና ታርጋው ተይዟል?» እያለ ሰፈሩን አተራመሰው። በኋላ ስቀንበታል፤ ያን ዕለት ግን የሚስቅ አልነበረም።

ነገሩን ያስረዳችን የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ ደም ብዛት የሚለው ስም ነው ያሳሳታችሁ። የእናትሽ ደም አልበዛም። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ይመጣ የለም? ሌሊት በኃይል ሲለቀቅ ያረጀው ቧንቧ የሚፈነዳው በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ስለበዛ ነው? በግፊቱ ነው። የእናትሽም ግፊት ነው።»

«ታዲያ ደም ማነሱስ?» አልኳት።

«እርሱ ደግሞ ሌላ ነው። ድስቱ ሙሉ ሆኖ ወጡ ቢቀጥን ምን ትያለሽ? ደሟ ቀጥኗል፤ አየር የሚያመላልሰው ቀዩ ነገር አንሶታል። ቀጭን ወጥ በኃይለኛ እሳት ሊፈላ አይችልም? ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ይሆናሉ።»

ያን ሌሊት ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጥናቸው ሁለት ቃላት ተለያዩልኝ። በእንግሊዝኛው ቢሆን ማንም አያምታታቸውም ነበር፤ አንዱ «ሃይፐርቴንሽን»፣ ሌላው «አኒሚያ» ነው፣ አይመሳሰሉም። በእኛ ቋንቋ ግን ብዛትና ማነስ ተብለው ስለተጠሩ አንዱ የሌላው መድኃኒት ይመስላል። ዝቅተኛ የደም ግፊትንም ደም ማነስ የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነገሩ የባሰ ይጠላለፋል።

እናቴ ተኝታ በቆየችባቸው ሳምንታት አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄና እኔ አንድ ደብተር ገዝተን ከካርዱና ከሐኪሞቹ አፍ የምንለቅማቸውን ቃላት መጻፍ ጀመርን። «ሃይፐር» ከግሪክ የመጣ፣ ከልክ በላይ ማለት ነው። «ሃይፖ» ከልክ በታች። ሁለቱ በፍጥነት ሲነገሩ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ይህን ያወጣ ሰው የታማሚ ቤተሰብ ሆኖ አያውቅም መሰለኝ። ሁለቱ ቁጥሮችም ትርጉም አላቸው፤ የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች ከፍተኛ ይሉታል። «ትሮምቦሲስ» ደም በሥሩ ውስጥ ሲረጋ፣ «ሄሞሬጅ» ሲፈስ ነው። «ሲ ቪ ኤ» የተባለውን ዛሬ ብዙዎቹ ስትሮክ ይሉታል፤ ወደ አንጎል የሚሄድ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። የእናቴ የተዘጋው ነበር።

አንዳንድ ቦታ ግን አማርኛችን እንግሊዝኛውን ያስንቀዋል። «አርተሪ» የሚለው ስም የመጣው ከጥንት ግሪኮች ነው፤ ከሞተ ሰው ገላ ላይ ይህን ሥር ባዶ ሆኖ ስላገኙት አየር የሚሄድበት መስሏቸው ነበር። ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ዊልያም ሃርቪ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው። እኛ ደም ቅዳና ደም መልስ እንላለን። አንዱ ከልብ ይቀዳል፣ ሌላው ወደ ልብ ይመልሳል። ምንጭ ወርዳ ውሃ ለቀዳች ሴት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል አንዲት ጎረቤቴ እግሯ ላይ አብጦ የተጠማዘዘው «ቫሪኮስ ቬይን» የሚባለው ይኸው ደም መልሱ ነው፤ ሽቅብ የሚመልሰው ደም ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚይዙት መዝጊያዎች ሲላሉ እንዲያ ይሆናል።

ለነፍሰ ጡር እህቶቼ አንድ ቃል ከደብተሩ ልስጥ። «ፕሪኤክላምፕሲያ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ ሳምንት እርግዝና በኋላ ከግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ ነው። ኤክላምፕሲያ የሚለው ቃል በግሪክኛ ድንገተኛ ብልጭታ ማለት ሲሆን፣ እውነትም መንቀጥቀጡ እንደ መብረቅ ድንገት ይመጣል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ሲኖር «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» ተብሎ አይታደርም።

እናቴ ንግግሯ ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን ሲኒ አያነሣም፤ ቡናውን የማፈላው እኔ ሆኛለሁ፣ እርሷም በየጊዜው «ቀጥኗል» ትለኛለች። ክኒኗን አንድ ቀን አላቋረጠችም። ግፊቱ ወርዶ መገኘቱ መድኃኒቱ ሥራ ላይ መሆኑን የሚናገር እንጂ በሽታው ቤቱን ለቆ መሄዱን እንዳልሆነ ለጎረቤቶቿ የምታስረዳው አሁን ራሷ ናት። በጨው ነገር ግን እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

ባለፈው ወር ለክትትል ስንሄድ አዲስ የመጣ ወጣት ሐኪም ክንዷን ለክቶ ካርዱ ላይ እየጻፈ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ አጉረመረመ። እናቴ በግራ እጇ የጻፈበትን ወረቀት ያዘችና፦

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ሃይፐር ነው ወይስ ሃይፖ ያልከው?» አለችው።

ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ እርሷ አዞረና «ሃይፐር ነው እማማ፤ ግን ካለፈው ቀንሷል፣ ይኸውልዎት» ብሎ ቁጥሩን በጣቱ አሳያት።