ካርቱምና የሲጃ ጨዋታ

ጥቁር ዓባይ ከጣና ተነሥቶ፣ ነጭ ዓባይም ከመካከለኛው አፍሪካ ሐይቆች ወርዶ አል-ሞግራን በተባለው ስፍራ ሲገናኙ ወዲያው አይዋሐዱም፤ የውሃቸው መልክ እንደ ተለየ ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በዚህ መጋጠሚያ ዙሪያ ሦስት ከተሞች ሰፍረዋል፤ እነርሱም ካርቱም፣ ሰሜን ካርቱምና ኦምዱርማን ናቸው። ካርቱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ገደማ የግብጽ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ጦር ሰፈር ሆና የተቈረቈረች ስለ ሆነች ታሪኳ ከጦር ተለይቶ አያውቅም። በ1885 ጄኔራል ጎርደን ከብዙ ወራት ከበባ በኋላ በማህዲ ወታደሮች እጅ የወደቀው በዚችው ከተማ ነው። በ1898 ደግሞ ከኦምዱርማን በስተሰሜን በከረሪ ሜዳ ላይ ከ10,000 የሚበልጡ የኸሊፋው ሰዎች በአንድ ጧት በመድፍና በመትረየስ ፊት ረገፉ።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላጫውትህ ያሰብሁት ግን ሱዳኖች ሲጃ ብለው ስለሚጠሩት፣ በአሸዋ ላይ በጠጠር ስለሚደረገው ጦርነት ነው።

ለሲጃ የሚገዛ መሣሪያ የለም። በአሸዋው ላይ በጣት አምስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱም ረድፍ አምስት አምስት ጉድጓድ ይጫናል፤ ድምሩ 25 ይሆናል። አንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር፣ ሌላው 12 የገል ስብርባሪ ወይም የቴምር ዘር ይይዛል። በየተራቸው ሁለት ሁለት እያደረጉ ሠራዊታቸውን ደስ ባላቸው ጉድጓድ ያሰፍራሉ፤ የመካከለኛይቱ ጉድጓድ ብቻ ባዶዋን ትቀራለች። ሁሉም ሰፍሮ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ማንንም አይነካም። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጠጠር አንድ ርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፤ በማዕዘን መሄድ ክልክል ነው። የባላጋራውን ጠጠር በሁለት ጠጠሮቹ መካከል ያስገባ ማርኮ ያነሣዋል፤ በዚያው ጠጠር ሌላ ለመማረክ ከቻለም ተራውን ሳይለቅ ይቀጥላል። ወድዶ በሁለት ጠላቶች መካከል የገባ ግን አይማረክም። በመካከለኛይቱ ጉድጓድ የተጠጋም እንደዚሁ አይነካም።

የአገራችንን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወረራ የሚባለውን መክፈቻ ማስታወሱ አይቀርም። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ምርኮ እስኪደረግ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ እጃቸው እንደ ቻለ ያሰልፉ ነበር። ሲጃም ሰልፍን ያስቀድማል፤ ነገር ግን በጥሞናና በተራ ነው። ዋናው ልዩነት ሌላ ይመስለኛል። በሰንጠረዥ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ አሉ፤ በሲጃ ግን ሹመት የሚባል ነገር የለም። ኤድዋርድ ሌን የተባለው እንግሊዛዊ ስለ ግብጽ ሕዝብ ልማድ በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ጠጠር «ከልብ»፣ ማለት ውሻ እንደሚባል ጽፏል። በሰንጠረዥ ንጉሡ ከተያዘ ጦርነቱ ያበቃል። ንጉሥ የሌለበት ጦርነት ግን የሚያበቃው ሠራዊቱ ሲያልቅ ነው።

በ2010 ዓ.ም ለሥራ ጉዳይ ካርቱም በሰነበትሁበት ወራት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደርዊሾች በከበሮ የሚያሸበሽቡበትን የሸይኽ ሐመድ አል-ኒልን መቃብር ለማየት ወደ ኦምዱርማን ተሻገርሁ። ሰዓቱ ገና ስለ ነበረ በሰፈሩ ስዘዋወር በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የሲጃ ውድድር አገኘሁ። ደንቡ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ሦስት ሰው በተከታታይ የጣለ የሻዩን ሒሳብ ሌሎች ይከፍሉለታል። ተመልካቹ ለሁለቱም ወገን እየጮኸ ይመክራል፤ ይህም እንደ ነውር አይቈጠርም። ሻይ የምትቀዳው፣ በካርቱም በሻይና በቡና ንግድ ይተዳደሩ እንደ ነበሩት ብዙ እኅቶቻችን፣ ከጎንደር የመጣች ሴት ነበረች። እኔ ስቀመጥ ባየች ጊዜ ብርጭቆውን እያቀረበች በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ጠርዙን ቀድመው ይያዙ፤ ሽማግሌው የሚያሸንፈው በዚያ ነው» አለችኝ። ምክሯ በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ወጣት አስነሣልኝ።

ሁለተኛው ባላጋራዬ ያው ሽማግሌ፣ የባቡር ሐዲድ ጡረተኛ ነበር። ጠጠሮቼን እያነሣ እያነሣ የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ማዕዘን አጐራቸው። መሄጃ አጣሁ። በሲጃ ሕግ ግን መሄጃ ላጣ ሰው መንገድ የመክፈት ግዴታ የባላጋራው ነው፤ ሽማግሌውም አንዱን ጠጠር ፈቀቅ አደረገና በትሕትና «ተፈደል» አለኝ። በከፈተልኝ በር ወጥቼ በሦስት ተራ ውስጥ ሁለቱን ማረከብኝ፤ ተመልካቹም በሳቅ ፈነዳ።

ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝና ነገርሁት። አያቱ በመተማ ጦርነት ዘምቶ እንደ ቈሰለ ነገረኝ። በ1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት በዚያው ጦርነት ከእኔም ዘመዶች ሄዶ ያልተመለሰ አለ፤ ይህን ስነግረው ጥቂት ጊዜ ዝም ተባባልን። ከዚያም አሸዋውን በመዳፉ አስተካክሎ ጉድጓዶቹን እንደ አዲስ መጫን ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ተራ ለእኔ ለቀቀ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም፣ ለእኛ ቀዳም ስዑር፣ ለእስላሞችም የረመዳን ጾም ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኀይል መካከል በካርቱም ውስጥ ውጊያ ተነሣ። ኦምዱርማንም የጦር ሜዳ ሆነች። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ብዙ ሺህ ሱዳኖችና ኑሯቸውን በዚያ ያደረጉ የእኛ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መተማ በደረስሁ ጊዜ የሱዳን ልጆች ሲጃ ሲጫወቱ አየሁ። የቦታው መሬት አሸዋ ሳይሆን ዝናም የነካው ጥቁር አፈር ስለ ነበረ ጉድጓዶቹን በእንጨት ጫፍ ቈፍረዋል፤ ለአንዱ ወገን ጠጠር፣ ለሌላው የለስላሳ ቆርኪ ሰጥተዋል። ከአጠገባቸው የቆሙትን ጐልማሶች ስለዚያ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። ሰፈሩን የሚያውቅ፣ የኒሙንም ዛፍ የሚያስታውስ አገኘሁ፤ እርሱን ግን አየሁ የሚል አላገኘሁም።