«ያሳፈረህ ቤቱ ነው ወይስ እኔ?»

ዛሬ የምናወራው ስለ ደጃፍ ነው። አዎ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ አጥር፣ ስለ ተክል! «ይሄማ የሀብታም ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ፣ እስቲ አንዴ ታገሱኝ። ወሬው የሚነሳው ከቦሌ ሳይሆን አዊ ዞን ውስጥ ካለችው ጥርባ ነው።

ጊዜው መስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ ባልንጀራዬ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሊያገባ ቀን ቆርጧል። ሙሽሪት የባሕር ዳር ልጅ ናት። ቅልቅሉ ደግሞ ጥርባ፣ እናቱ ቤት ነው። ታዲያ ልጁ አዲስ አበባ ከገባ ሰባት ዓመት ስለሞላው ጭንቀት ያዘው። «የሷ ዘመዶች ያንን የጭቃ ቤት አይተው ምን ይሉኛል?» እያለ እንቅልፍ አጣ። ክረምቱን ሙሉ ከደመወዙ እየቀነሰ፣ ሲጎድልበትም እየተበደረ ለአጎቱ ልጅ ብር ላከ። ትዕዛዙም አጭር ነበር፤ ግድግዳው ሰማያዊ ዘይት ቀለም ይቀባ፣ ያ ቁጥቋጦ ይመንጠርና አጥሩ ቆርቆሮ ይሁን!

ለእንቁጣጣሽ አብረን ወረድን። ዓባይን ተሻግረን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያለፍን ወደ አዊ ስንገባ ዓይኔን ከመስኮት መንቀል አቃተኝ። በመስከረም የጎጃምን መንገድ ላልሄደ ሰው አረንጓዴ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። አደይ አበባው ሜዳውን ወርሶታል። ከጥልሊ ወዲያ ዘንገና ሐይቅ በደን ተከቦ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። ሰዉ ኮሶ በር እያለ በሚጠራት እንጅባራ ዙሪያ ደግሞ ቀርከሃ ነው፤ አጥሩም ወንበሩም ቀርከሃ! ከተማ ውስጥ በብር የምንገዛው ውበት እዚያ ከጓሮ ይበቅላል። ባልንጀራዬ ግን አንዱንም አላየም። ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ «ቀለሙ እንዴት ሆኖ ይሆን?» ይላል።

ቀለሙማ… ጉድ ሆኖ ነበር!

ደርሰን ቤቱን ሳየው ሳቄም ሐዘኔም አንድ ላይ መጣ። ሰማያዊው ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነስቶ ተንጠልጥሏል። የግድግዳው እግር ዝናብ በረጨው ቀይ ጭቃ ተለውሷል። በግራ በኩል አዲስ ቆርቆሮ አጥር ያብለጨልጫል። በቀኝ በኩል ግን ግራዋው፣ ጌሾውና ቀጋው እንዳለ ቆሟል። ለካ እናትየው መሐል ላይ ደርሰው መጥረቢያውን ከሠራተኛው እጅ ቀምተዋል!

ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ «እማዬ፣ ለምን አስቆምሽው?» አለ ልጅ።

«ጋኑን በምን ልጠበው ልጄ?» አሉት። «ጠላው የሚጠመቀው ለማን ሠርግ ነው? ሠርጌ ይመር ብለህ የሠርግህን ጌሾ አስቆረጥከው!»

ለማታውቁ የከተማ ልጆች ልንገራችሁ፤ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ካልታጠበ ጠላው ጠላ አይሆንም። ያለ ጌሾማ ጭራሽ የለም። ባልንጀራዬ «ቁጥቋጦ» ያለው ነገር የእናቱ ጓዳ ነበር እኮ!

ቀጥለው ቀስ ብለው የጠየቁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ያሳፈረህ ቤቱ ነው ወይስ እኔ?»

መልስ አልነበረውም። አንገቱን ደፋ። ማታ እራትም አልበላ። መብራት ከጠፋ በኋላ እውነቱን ነገረኝ። ለካ ለእጮኛው «የእናቴ ቤት ብሎኬት ነው» ብሏት ኖሯል! ሰማያዊው ቀለም የጭቃ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ውሸትም እንዲሸፍን ነበር የተላከው።

በማግሥቱ አንድ ግድግዳ መርገው ያረጁ የሰፈሩ ሽማግሌ መጡ። ከእናትየው ጋር በአውኚ ጥቂት ተባባሉና ወደኛ ዞረው ነገሩን በአማርኛ አስረዱን። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ዘይት ቀለም ግን እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል። ከመሬት የተሳበውና ከውጭ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። ያውም ክረምት ላይ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ተቀብቶ! «ይሄ ቤት የታመመው ከቀለሙ ነው፤ ፋቁለት» አሉ።

ከዚያ ያለው ሥራ ቀላል አልነበረም። ባልንጀራዬ ኅዳር ላይ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ብቻውን ተመለሰ። ቀለሙን በገዛ እጁ ፋቀው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ፣ ቀናት አሰንብቶ፣ ግድግዳውን እንደገና መረገ። ሲደርቅ ነጭ ኖራ ቀባው። ዝናብ የሚረጨውን የታችኛውን ክፍል፣ ግንበኞች ዞኮሎ የሚሉትን፣ በአመድ አጠቆረው፤ ጭቃ ቢነካውም አይታይበትም። ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቦይ ቆፍሮ ጠጠር ሞላበት። ውሃው ጠጠር ላይ ሲያርፍ ጭቃ አይረጭም። ቆርቆሮውንስ? ነቅሎ ለሠርጉ ማድቤት ጣሪያ አደረገው!

አንድ ስህተት ግን እዚያም ሊሠራ ነበር። የአዊ ደጋ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ ይበትናል። የአጎት ልጅ «ኖራ ኖራ ነው» ብሎ ያንን ተሸክሞ መጣ። የእርሻው ኖራ ግን ሳይቃጠል የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳ ላይ አይዝም። ለቀለም የሚሆነው ተቃጥሎ በውሃ የጠፋው ነው።

ጥር ላይ ለሠርጉ ስመለስ ቤቱን አላወቅኩትም። ነጩ ግድግዳ ከቀዩ መሬት ላይ ብድግ ብሏል። የተቆረጠው ግራዋ ከጉቶው አቆጥቁጧል። በሩ ላይ ያለው ቀጋ ተከርክሞ እንደ ቅስት ታጥፏል። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይባል የለ? እዚህ ቤት ግን ቀጋው ቦታውን አገኘ፤ ውጭ ሆኖ ቤት ይጠብቃል!

ሙሽሪትስ? ባልንጀራዬ እውነቱን የነገራት ገና ኅዳር ላይ፣ እጁ በጭቃ እንደተለወሰ ደውሎ ነው። ስቃ ስቃ «የኔ አያት ቤት ከምን የተሠራ መሰለህ?» አለችው። የቅልቅሉ ቀን የሙሽሪት ዘመዶች ስለ ግድግዳው ያሉት ነገር ቢኖር «እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው» ብቻ ነበር። ስለ ጠላው ግን ብዙ ብለዋል!

እንግዲህ ወደናንተ ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ገጽታ ሲታደስ አይተን ብዙዎቻችን የራሳችንን ደጅ ማየት ጀምረናል። ደግ ነው። የሐረር ጀጎል ሴቶች እኮ ቤታቸውን ለበዓል በቀለም ማስዋብ የኖሩበት ነው። ብቻ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ያዙ፦

ግድግዳችሁን እወቁ። ጭቃ ከሆነ ኖራ፤ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ልስኑ አራት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ የውሃ ቀለም።

ኖራ ስትቀቡ ተጠንቀቁ። ያልጠፋ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ያጠፋል፤ ልጆችን አርቁ። ጠፍቶ ያደረውን አጥልላችሁ እንደ ወተት አቅጥኑት። ግድግዳውን አርጥባችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ።

ወቅቱን አታምታቱ። ተክል በሰኔና በሐምሌ ይተከላል፤ ቀለም ዝናቡ አባርቶ ግድግዳው ሲደርቅ ይቀባል። ባልንጀራዬ የከሰረው ክረምት ላይ ቀብቶ ነው።

ግድግዳ ሥር ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም አትዘኑ። የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን ብሱና ጤና አዳም፣ በሶብላ ወይም የጥብስ ቅጠል ትከሉበት። ደጁም ያምራል፣ ወጡም ይጣፍጣል።

የመጨረሻውና ትልቁ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት በቤቱ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ለናንተ ቁጥቋጦ የመሰለው ለሱ ጓዳው ሊሆን ይችላል። ባልንጀራዬ ከተላጠው ቀለም ዕዳ ለመውጣት ወራት ፈጅቶበታል። የእናቱን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከፍሎ አልጨረስኩም ይላል።

ቸር እንሰንብት!