በምድረ በዳ የቆመ አውቶቡስና የሽርጥ ስፌት

በመጽሐፍ ከተነገረው ስፌት ሁሉ የመጀመሪያው አዳምና ሔዋን ከበለስ ቅጠል የሰፉት ግልድም ነው። በቀድሞው የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ይህ ግልድም የተጠራበት ስም፥ ዛሬ ሴቶች በማድ ቤት ልብሳቸው እንዳይቈሽሽ ከፊት ለሚታጠቁት ሽርጥ የሚነገረው ስም ነው። ስለዚህ ሽርጥ እንደ ተራ ነገር ቢቈጠርም የልብስ ሁሉ ታላቅ እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ልብስ በቤት ሳይሆን በአውቶቡስ ውስጥ፥ በከተማ ሳይሆን በምድረ በዳ ተቀምጠው የሚሰፉ አንዲት ባልቴት በአሜሪካ አገር አይቼ ስለ ተመለስሁ፥ ያየሁትንና ያፈርሁበትን ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ላስታውቅ ወደድሁ።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር የእኅቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እርሱ በዚያ አገር እንደሚኖሩ እንደ ብዙዎቹ ወገኖቻችን የከባድ ጭነት መኪና ነጂ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ፊኒክስ ጭነት ሲወስድ «ጋሼ፥ አገሩን እንዲያዩ አብረን እንሂድ» ስላለኝ ተከተልሁት። የኮሎራዶን ወንዝ ተሻግረን በአሪዞና ምድር ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ መኪናው ተበላሸና ኳርትሳይት በምትባል ትንሽ ከተማ ቆምን። መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ ሁለት ቀን መቈየት ግድ ሆነብን።

ኳርትሳይት ዙሪያዋን በራቈቱ ተራሮች የተከበበች ጠፍጣፋ ሜዳ ናት። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸውና፥ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የከተማዪቱ ነዋሪ 2,500 እንኳ አልሞላም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አይታይም። በብርድ ወራት ግን ከሰሜን አሜሪካና ከካናዳ በረዶ የሸሸው ሕዝብ ሁሉ ቤቱን በጎማ ላይ ጭኖ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሜዳው እንደ ዘመቻ ሰፈር ይሆናል። መሬቱ የመንግሥት ስለ ሆነ፥ ከ1983 ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት ላ ፖሳ በሚባለው ስፍራ ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 ለመስፈር የሚከፈለው እኔ በሄድሁበት ወራት 180 ዶላር ነበረ። ይህን መክፈል የማይሻ ወይም የማይችል ከዚያ ውጭ ባለው ሜዳ 14 ቀን በነጻ ሰፍሮ ወደ ሌላ ስፍራ ይነሣል።

በከተማዪቱ የመቃብር ስፍራ በድንጋይ የታነጸ፥ በጫፉም ላይ የግመል ምስል የቆመበት ሐውልት አለ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1856 ግመል ወደዚያ ምድረ በዳ ባስመጣ ጊዜ ከግመሎቹ ጋር የመጣው የሐጂ ዓሊ መቃብር ነው። ሰውየው በ1902 ሞተ፤ ሐውልቱም በ1935 ተሠራለት። የግመሉ ሥራ ሳይሰምር ቀረ፥ ግመለኛው ግን በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህም ይህ ሜዳ የመንገደኞች ማረፊያ መሆኑን አልተወም።

በሁለተኛው ጧት ብቻዬን ስዘዋወር፥ ከአንድ አውቶቡስ መስተዋት እስከ አንድ የበረሃ ዛፍ በተወጠረ ገመድ ላይ አምስት ሽርጦች ተሰቅለው አየሁ። አበባ ያለበት፥ ቈጥ ቈጥ ያለ፥ አንዱም እንደ ሻማ ነጭ ነበረ። በነፋስ ሲውለበለቡ እያየሁ ቆሜ ሳለሁ፥ ሰባ ዓመት የተጠጋቸው አንዲት ባልቴት በሩን ከፍተው «ሽርጥ ይፈልጋሉ ወይስ ቡና?» አሉኝ። እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝና ቡናውን አስቀደምሁ።

አውቶቡሱ አስቀድሞ ተማሪዎችን ያመላልስ የነበረ ነው። በዚያ አገር የተማሪ ቤት አውቶቡስ ቢጫ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው፤ በ1939 ፍራንክ ሳይር የሚባሉ መምህር በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ሰብስበው፥ በማለዳና በምሽት ከሩቅ የሚታይ ነው ተብሎ ይህ ቀለም ተመረጠ። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በጨረታ ይሸጣል። የገዛው ሰው ግን ነጂዎች የተማሪ መስሏቸው እንዳይሳሳቱ ቀለሙን እንዲለውጥና የማቆሚያውን ምልክት እንዲያነሣ በብዙ ግዛቶች ሕግ ያስገድደዋል። የባልቴቲቱ አውቶቡስ ሰማያዊ ተቀብቶ ነበረ፤ ቀለሙ በተላጠበት ሁሉ ግን ቢጫው ብቅ ይል ነበር።

የውስጡ ርዝመት ዘጠኝ ሜትር፥ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ነው። ወንበሮቹ ተነቅለው፥ የወለሉ ዝገት ተፍቆ ሳንቃ ተነጥፎበታል። በኋላ በኩል አልጋ፥ በመካከል የማብሰያ ምድጃና የውሃ በርሜል፥ በፊት በኩል ከነጂው ወንበር ጀርባ የስፌት ገበታ አለ። ጨርቁ በአልጋው ሥር፥ ክሩ ከመስኮቱ በላይ፥ መቀሱ በምስማር ላይ ነው። «መብራት ሳላበራ ሁሉን በእጄ አገኘዋለሁ። አንዱ ዕቃ ከስፍራው ቢወጣ ሌላው መቀመጫ ያጣል» አሉኝ።

የስፌት መኪናቸው ከ1933 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ትንሹ ሲንጀር ነው፤ ክብደቱ አምስት ኪሎ ያህል ስለ ሆነ እንደ ሻንጣ ይንጠለጠላል። በመርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎቻችን በእግራቸው የሚረግጡት ሲንጀር ወንድም ነው፥ ይህኛው ግን በኤሌክትሪክ ይዞራል። ኤሌክትሪኩም በጣራው ላይ ከተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች ይመጣል። መኪናው የሚወስደው ኃይል ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚፈጀው ካውያው ነው። ስለዚህ ባልቴቲቱ በኤሌክትሪክ ካውያ ፈንታ በምድጃ ላይ የሚግል የብረት ካውያ ይዘዋል። ይህን ባየሁ ጊዜ የእናቴ የከሰል ካውያ ትዝ አለኝ፤ የሰው ልጅ ኃይል ሲያጥረው ወደ አያቶቹ ብልሃት ይመለሳል።

ሽርጡ እንዲህ ይሰፋል። ጨርቁ የጥጥ ነውና በኋላ እንዳይኰማተር አስቀድሞ ይታጠባል። ለአንዱ ሽርጥ አንድ ሜትር ወይም ጥቂት የሚያልፍ ይበቃል። የአውቶቡሱ ገበታ ጠባብ ስለ ሆነ ጨርቁን በእጥፉ ዘርግተው ግማሹን ይቈርጡና ሲዘረጋ ሙሉ ይሆናል። ሰፊ ጨርቅ ሲሆን፥ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ከውጭ በአግዳሚ ላይ ይቈርጡታል፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ግን አቧራው አይፈቅድም። ከዚያ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል። የኪሱ ማዕዘን እጅ ሲገባበት ቶሎ እንዳይቀደድ ተደጋግሞ ይሰፋል። ማሠሪያው ባንገት ሳይሆን በጀርባ ተሻግሮ በሁለቱ ትከሻ ላይ ይውላል። «አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሽርጥ ለግማሽ ሰዓት ነው። እኔ የምሰፋው ቀኑን ሙሉ ለምትሠራ ሴት ነው» ይላሉ።

እናታቸው በችግሩ ዘመን ከዱቄትና ከከብት መኖ ከረጢት ሽርጥ ይሰፉ እንደ ነበረ ነገሩኝ። በ1930ዎቹ ነጋዴዎቹ ይህን አውቀው ከረጢቱን አበባ ባለበት ጨርቅ ይሠሩት ጀምረው ነበርና፥ ገበሬው መኖ ሲገዛ ሚስቱ የምትመርጠው ጥለቱን ነበረ። የኪሱ ገበር ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ዳስሼ አወቅሁት፥ የኛው አቡጄዲ ነው። ሮበርት ስኪነር በ1903 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል በተዋዋለበት ዘመን ከአሜሪካ ወደ አገራችን ይገባ ከነበረው ሸቀጥ ዋናው ይህ ጨርቅ ነበረና እንደ አሮጌ ዘመድ ሰላምታ ሰጠሁት።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነውና «አንድ ሰው ቢከስስዎ መጥሪያው የት ይደርስዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ባልቴቲቱ ሥቀው አንድ ወረቀት አሳዩኝ። የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት፥ ግብር ለመክፈልና ለመምረጥ አንድ ቋሚ አድራሻ ግድ ስለ ሆነ፥ በቴክሳስ ሊቪንግስተን በምትባል ከተማ ለመንገደኞች ደብዳቤ የሚቀበል ድርጅት አለ፤ የርሳቸውም አድራሻ በዚያ ነው። «በሕግ የምኖረው በዚያ ነው፤ አንድ ሌሊት እንኳ አላደርሁበትም» አሉኝ። እኔም ስለ አንድ ክንድ አጥር አሥር ዓመት የተከራከሩ ጎረቤታሞች መዝገብ በዓይኔ ፊት መጣብኝ።

ነገር ግን አንባቢዬ ይህ ኑሮ ሁሉ ጨዋታ እንዳይመስለው። በ2008 የቤት ዋጋ ወድቆ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ካጣ ወዲህ በመኪና ወደ መኖር የገባው ብዙ ነው። እኒህ ባልቴት ደግሞ ባላቸው ረጅም ሕመም ታመው ሞቱ፤ ቤታቸው ለሕክምናው ዕዳ ተሸጠ። አውቶቡሱን ሟቹ ለሽርሽር ብለው ጀምረውት ነበር፥ ሚስቲቱ ለመኖሪያ ጨረሱት። ሴት ልጃቸው በቤቷ አንድ ክፍል ሰጥታቸዋለች፤ እርሳቸው ግን «በዚያ እንግዳ ነኝ፥ ማድ ቤቱ የርሷ ነው» ብለው አልሄዱም። ጧት እስከ ሁለት ሰዓት ሽርጥ በገመዱ ላይ ካልተሰቀለ ጎረቤት መጥቶ በራቸውን እንዲያንኳኳ ተስማምተዋል። ስለዚህ እኔ እንደ ንግድ ምልክት ያየሁት፥ ባልቴቲቱ በሕይወት ማደራቸውን የሚናገር ምልክትም ነበረ።

በመስኮቱ ሥር ሁለት ጠርሙሶች ቆመዋል። አውቶቡሱ ስድስት ጎማ ያስፈልገዋል፤ የአንዱ ጎማ ዋጋ 400 ዶላር ነው። አንድ ሽርጥ በ35 ዶላር ተሽጦ የጨርቁና የክሩ ዋጋ ሲወጣ 27 ይተርፋል። ስለዚህ አሥራ አምስት ሽርጥ አንድ ጎማ፥ ዘጠና ሽርጥ ስድስት ጎማ ነው። ዘጠና ቁልፍ በአንዱ ጠርሙስ ጨምረው አንድ ሽርጥ በተሸጠ ቍጥር አንድ ቁልፍ ወደ ሁለተኛው ያዛውራሉ። ያን ቀን የተዛወረው ሠላሳ አንድ ነበረ። ገበያተኛው በየካቲት መጨረሻ ይበተናል፤ በሚያዝያ ሙቀቱ ሲመጣ በአሮጌ ጎማ ተራራ መውጣት ደግሞ ያስፈራቸዋል።

እኔም አንድ ሽርጥ ለባለቤቴ ልገዛ አሰብሁ። ቁመቷን ጠየቁኝ፥ እስከ ትከሻዬ ትደርሳለች አልሁ። «ኪሱን በየትኛው ወገን ላድርገው? በየትኛው እጇ ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። የመዝገብ ቍጥር በቃሌ የምይዝ ሰው፥ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋብቻ ይህን አላስተዋልሁም። በቀኝ እንዳልል እርግጠኛ አልነበርሁም። ባልቴቲቱም ስፌቱን አስቀምጠው «እንግዲያው ጠይቀው ይምጡ» አሉኝ።

ያን ማታ በአዲስ አበባ ሲነጋ ደወልሁላት። ባለቤቴ መጀመሪያ ደንግጣ፥ ቀጥላም ሥቃ «በግራዬ ነዋ! ቀኝ ትከሻዬ ከታመመ ሁለት ዓመቱ አይደል እንዴ፤ ድስት የማነሣው በግራ ነው» አለችኝ። ነግራኝ ነበር ወይስ አልነገረችኝም ብዬ አልተከራከርሁም፤ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ነገር እስኪነገረኝ መጠበቄ በቂ ጥፋት ነበረ።

በማግሥቱ ጧት ይህን ስነግራቸው ባልቴቲቱ አልመከሩኝም፥ ሥራቸውን ብቻ ጀመሩ። ኪሱን በግራ አደረጉ። የታመመ ትከሻ ወደ ኋላ መዘርጋት አይችልምና ማሠሪያውን አስረዝመው ወገብ ዞሮ ከፊት እንዲታሰር አደረጉት። የትከሻውንም ጥብጣብ ሰፋ አድርገው ሰፉት። ዋጋውን ከፈልሁ፤ አንድ ቁልፍ ተዛወረ፥ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ከሰዓት በኋላ መኪናችን ተጠግኖ ሄድን።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ ባለቤቴን ወደ ሐኪም ወሰድኋት፤ ሽርጡንም ዛሬ ትታጠቀዋለች። የእኅቴ ልጅ በሚያዝያ መጨረሻ በዚያ ሲያልፍ ሜዳው ባዶ ነበረ፤ ሰማያዊው አውቶቡስ በአዲስ ጎማ ይሁን በአሮጌው ተነሥቷል። ገመዱ የታሰረበት ዛፍ ብቻ ቆሟል ብሎ ጻፈልኝ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ከእናንተ ብዙው ሰፊ ቤት አለው፤ እግዚአብሔር ያስፋላችሁ። ዛሬ ማታ ስትገቡ ግን ገበታችሁን የምታቀርበው ድስቱን በየትኛው እጇ እንደምታነሣ ተመልከቱ።