የማያሳርፍ ዕረፍት

ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የመስቃን ወጣት ካንሰር ለተባለው ነቀርሳ ሕክምና በዚህ መንገድ ሲመላለስ ከርሞ፥ ሐኪሞቹ «ድነሃል» ብለው ባሰናበቱት ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ እልል አለ። ነገር ግን ድካሙ አልለቀቀውም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ሲነሣ እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ ሰው ነበረ፤ ከአልጋው እስከ ደጁ መሄድ እንኳ ዳገት ሆነበት።

እናቱ ይህን አይታ ሥራ ሁሉ ከለከለችው። ውኃ ሊቀዳ ጀሪካን ቢያነሣ፥ «ተው ልጄ፤ አንተ ብቻ ተኛልኝ» እያለች ከእጁ ትነጥቀው ነበር። ሊጠይቀው የመጣውም ሰው ሁሉ ምክሩ ይኸው ነበረ። ከርኅራኄ የወጣውን ምክር መንቀፍ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ይህ ድካም እንደ ገበሬ ድካም አይደለም። ገበሬ ሲቆፍር ውሎ ቢተኛ ይበረታል፤ ይህኛው ግን በእንቅልፍ አይወጣም። እንዲያውም ሰውዬው መተኛት ባበዛ መጠን ጡንቻው ይመነምናል፥ ልቡና ሳንባውም ሥራ ይፈታሉ፤ ስለዚህ ዛሬ ያላደከመው ርምጃ ነገ ያደክመዋል።

የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሰበሰባቸው ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ምክር፥ በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ማድረግ፥ ቢያንስ 12 ሳምንት ቢዘልቁበት፥ ይህን ድካም እንደሚያቀልል ገልጠዋል። አስቀድሞ ግን የደም ማነስ ወይም የልብ ጉዳት እንዳይኖር በሐኪም መመርመር ይገባል።

ወጣቱን ከዚህ ምክር ያገናኘው ስልክ ነው። አዲስ አበባ ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቀጠሮ እየደወለች፥ በ5 ደቂቃ አስጀምራ ታራምደው ነበር። «እየሄድህ መናገር ትችላለህን?» ትለዋለች። ከቻለ ልክ ነው፤ ትንፋሹ ከተቆረጠ ዝግ ይላል። ለዚህ ምስል የሚያሳየው ስልክ አያስፈልግም፤ ተራው ይበቃል።

ከእግሩ ይልቅ የከበደው የሰው ዓይን ነበረ። እኩዮቹ ትዳር ይዘው፥ ንግድ ከፍተው፥ እርሱ «በሽተኛው» ተብሎ ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ ያለ ጉዳይ ላይ ታች ሲመላለስ ቢያዩት ምን ይሉታል? ይህን ለባለሙያዋ ቢነግራት፥ «እንግዲያው ጉዳይ ይዘህ ሂድ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ጀሪካን አንጠልጥሎ፥ በእንሰቱ መካከል እያለፈ፥ ወደ ውኃው መውረድ ልማዱ ሆነ።

እናቱ ብዙ ቀን አጉረመረመች። ኋላ ግን አንድ ማለዳ ጀሪካኑን ራሷ አጥባ በደጅ አስቀመጠችለት፤ ትልቁን እስከ ዛሬ ደብቃዋለች።