ከታንኩ የሚረዝመው ሰው

ፊትዝሮይ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የኢጣሊያ ታንክ ቆሟል። ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታው 4 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። አጠገቡ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር አለ። ይህ ወታደር ከፋብሪካ ሲመጣ የሌላ አገር ሰው ነበር። ኮቱን በምላጭ ፍቄ፣ ጫማውን አስወልቄ፣ በውኃ በቀጠነ ነጭ ሙጫ የነከርኩትን ሶፍት አለበስኩት፤ ሶፍቱ ሲደርቅ ጋቢ ይመስላል። ሁለቱም የእውነተኛው መጠን አንድ ሠላሳ አምስተኛ ናቸው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ምሽት፣ የሜልበርን ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ወታደሩን ከታንኩ ጎን አቆምኩት። ቀና ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውየው ከታንኩ ይረዝማል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ማስመሪያ አነሣሁ። አልተሳሳትኩም። ኢጣሊያኖች ኤል 3 የሚሏት ይህች ታንክ በእውነተኛ መጠኗ ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ክብደቷ ከ3 ቶን ትንሽ ይበልጣል፤ የምትይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነው። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው አጠገቧ ቢቆም ጣሪያዋ ደረቱ ላይ ይደርሳል።

እኔ በልጅነቴ የማውቀው ታንክ ግን ቤት ያክል ነበር።

አያቴ ከጎጃም ተነሥተው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘምተዋል። እሳቸውን አልደረስኩባቸውም፤ ታሪኩን የሰማሁት ከአባቴ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እኛ ልጆቹ ከበነው እንዲህ ይላል፦ «ታንኩ እሳት እየተፋ መጣ። ሰው ሁሉ ተበተነ። አያታችሁ ግን ከቋጥኝ ጀርባ አደፈጡ። መድፉን ሲያዞርባቸው ጎንበስ አሉ። ዘለው ወጡበት። ጎራዴውን ከአፎቱ መዘው በእጀታው አናቱን መቱና ‹ክፈት!› አሉ። ጣልያኑ ክዳኑን ብቅ ሲያደርገው…» እዚህ ላይ አባቴ እጁን በአየር ላይ አንድ ጊዜ ያሳልፋል። የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።

ጦርነቱ የተረጋገጠ ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው የራስ እምሩ ግንባር ቀደም ጦር ተከዜን ተሻግሮ፣ ደንበጉና በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ በሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዘውን የኢጣሊያ ጦር ገጠመ። ከኢጣሊያው ጦር ጋር እነዚህ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ። ወታደሮቻችን ብዙዎቹን ከጥቅም ውጭ አድርገዋቸዋል። ታንክ ላይ ወጥቶ «ክፈት» ያለው ወታደር ወሬም ስለ ደንበጉና በተጻፉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የአያቴ ስም የለም።

የዶክትሬት ጥናቴ የጦርነት ትዝታ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። በአንድ በኩል የሀዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» አለ፤ በሌላ በኩል የኤንዮ ፍላያኖ ልብ ወለድ። ሁለቱም ሰዎች በዚያው ጦርነት ነበሩ፤ ሀዲስ በራስ እምሩ በኩል፣ ፍላያኖ በወራሪው በኩል። ሁለት ዓመት ሙሉ ገጽ ሳገላብጥ ከርሜ፣ አንድ ቀን በአንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ የታንኳን ሣጥን አየሁ። መግዛቴን ራሴም እንደ ቀልድ ነበር ያየሁት። የገዛሁት ሣጥን ውስጥ የኢጣሊያ ምልክት የታተመበት ወረቀት ነበረ፤ ኢትዮጵያዊ ሰው ግን አልነበረም።

ቁራጮቹን ስገጣጥም የአባቴ ታሪክ አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ታንኳ መድፍ የላትም፤ ያላት ሁለት መትረየስ ነው። ላይዋ ላይ የሚሽከረከር ነገር የለም። መትረየሶቹ ፊት ለፊት የተተከሉ ናቸው፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚዞሩት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከኋላ በመጣ ሰው ላይ «መድፉን ማዞር» አትችልም። ዘሎ መውጣትም አያስፈልግም፤ እጅን ዘርግቶ ጣሪያዋን መንካት ይበቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ሥራ ይዘው የሚሰበሰቡ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ። እዚያ ሴትም ጥቁርም እኔ ብቻ ነኝ። አንደኛው፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ታንኬን አገላበጠና «የ33ቷ ናት የ35ቷ?» አለኝ። ልዩነቱ ብረቱ የተያያዘበት መንገድ ነው፤ የ1935ቷ ብረት በብሎን የታሰረ ነው። «የ35ቷ» አልኩት። «አያትሽ ያገኟት እሷ መሆኗን በምን አወቅሽ?»

በቤተሰባችን ያንን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መጠየቅም ነውር ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ስለ ብሎኑ ብቻ ነበር የሚጨነቀው። መልስ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ፤ እሱም በትሕትና ታንኬን መለሰልኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ቀለሙን ልቀባ ስል መጣ። የዘመኑን ፎቶግራፎች ተመለከትኩ፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ፊልሞች አንደኛው ዓይነት ቀይ ቀለምን ስለማያይ፣ ቀዩን ነገር ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። ያለ ዕውቀት ያየው ሰው ጥቁር ነው ብሎ ይምላል።

የራሳችን ሠዓሊዎች መለኪያ ደግሞ ሌላ ነው። በቆየው የሥዕል ልማዳችን ወገን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ጠላት በጎኑ ዞሮ ባንድ ዓይን ይሣላል። የዐድዋን ሥዕል ያየ ይህን ያውቀዋል። ሠዓሊው ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን እንዳለው አጥቶት አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደቆመ ነው የሚነግረን፤ ተመልካቹም ቋንቋውን ያውቃል። የአባቴ ታንክም እንዲህ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ።

ግን አንድ ነገር አላጽናና አለኝ። አትኸርተን ጋርደንስ በሚባሉት ባለ 20 ፎቅ የመንግሥት ቤቶች ውስጥ ቡና የምታጠጣኝ አንዲት እትዬ አለች። ኤርትራዊት ጎረቤቷም ለቡናው አትቀርም። አንድ ቀን የአያቴን ታሪክ ስናገር፣ ኤርትራዊቷ ሲኒዋን አስቀምጣ «የእኔ አያትም እዚያ ነበሩ፤ በወዲያኛው በኩል» አለች። በደንበጉና ከኢጣሊያ ጋር ከተሰለፉት ወታደሮች የሚበዙት የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። በአባቴ ታሪክ ውስጥ አንድም አስካሪ የለም፤ ያለው «ጣልያኑ» ብቻ ነው። ባንድ ዓይን የተሣለ እንኳ ቢኖር ይሻል ነበር። እነዚያ ሰዎች ጭራሽ አልተሣሉም። ለካ ስሕተት ሁሉ ጌጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ሰው ያጠፋል።

ከፊትዝሮይ ጥግ የኒኮልሰንን መንገድ ስሻገር ትልቁ የኤግዚቢሽን ሕንፃ ይታየኛል። ዛሬ ካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ለሕዝብ መጀመሪያ የተከፈተው በ1922 እ.ኤ.አ. በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ከሚታወቅባቸው ሥራዎች መካከል የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ውጊያዎች በትንንሽ ምስሎች የሚያሳዩት ናቸው። ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ የቀበሩ ወላጆች መቃብሩን ሄደው ማየት አይችሉም ነበር። ኮረብታውንና ምሽጉን በትንሹ ሠርቶ ማሳየት ለእነሱ ጨዋታ አልነበረም። የኮረብታው ቅርጽ ቢሳሳት የሚሳሳተው ልጃቸው የወደቀበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ ለአባቴ ደወልኩ። ከሰላምታው በኋላ፣ ጤናውንና የጎረቤቱን ጤና ከጠየቅሁ በኋላ፣ ታንኳ መድፍ እንደሌላት ነገርኩት።

«ማነው ያለሽ?»

«ሠራኋት እኮ አባዬ። ጠረጴዛዬ ላይ አለች።»

ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ ጠጠረ። «ልጄ፣ የመርዙንም ነገር እንዲሁ ነበር የሚሉት። ‹በምን አወቃችሁ? ማን አየ?› እያሉ ስንት ዘመን ካዱን። አሁን ደግሞ አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ስልኩ ተዘጋ፤ መሥመሩ ይሁን እሱ አላወቅሁም።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ምክንያቱም አባቴ እውነቱን ነው። ከደንበጉና 8 ቀን በኋላ፣ እዚያው ተከዜ ዳር፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በራስ እምሩ ጦር ላይ መርዝ ጣሉ። ራስ እምሩ ራሳቸው ለኢጣሊያዊው ታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ያዩትን ተናግረዋል፦ ከሰማይ የወረዱትን እንግዳ ዕቃዎች፣ የፈሰሰውን ፈሳሽ፣ እጅና እግራቸው ፊታቸውም የተላጠባቸውን ሰዎች። ኢጣሊያ ግን ካደች። ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት የዘመተ ነበር፤ እኔ እዚያ ነበርኩ፣ መርዝ አልነበረም እያለ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። ዴል ቦካ መዛግብቱን ይዞ ቆመ። በ1996 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር መርዙ በጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ።

ይህንን ታሪክ ለጥናቴ ስል ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ያን ሌሊት ግን በአባቴ ጆሮ ሰማሁት። ከሓዲው የጠየቀውና የባቡር ሠራተኛው የጠየቀኝ ጥያቄ ቃሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ከጥያቄው በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ከሓዲው «በምን አወቃችሁ?» ብሎ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ዴል ቦካ ጠይቆ መዝገብ ቤት ገባ፤ ሽማግሌውን ራስ እምሩን ፊት ለፊት ተቀምጦ አዳመጠ። ሞንታኔሊን የረታው፣ በቦታው የነበረን ሰው ቃል እንኳ ሳይመረምር ባለማለፉ ነው። እኛ የራሳችንን ታሪክ ስንመረምር ያንን ዳኛ ካባረርነው፣ ነገ ስለ መርዙ ስንከራከር ማንን እንጠራለን?

በሳምንቱ አባቴ ራሱ ደወለ። ሰላምታውን አሳጠረው።

«አስቤው ነበር» አለ። «አባቴ እኮ መድፍ አላሉም።»

«እንዴት?»

«እኔ ነኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ የሶቪየቶቹ ታንኮች በአብዮት አደባባይ ሲያልፉ አየሁ። አናታቸው ሲዞር፣ መድፋቸው ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሲመለስ… ፈርቼ ነበር። ከዚያ በኋላ የአባቴን ታንክ ሳስብ የሚመጣብኝ እሱ ነው።»

ለካ ያ መድፍ ከሌላ ጦርነት የመጣ ኖሯል። አባቴ ስለ ራሱ ፍርሃት ተናግሮ አያውቅም፤ አርባ ዓመት ሙሉ በአያቴ ታሪክ ውስጥ ደብቆት ኖሯል።

«እሳቸውስ ምን ነበር የሚሉት?» አልኩት።

«ብዙ አይናገሩም ነበር። ብረቱ ይፋጅ ነበር ይላሉ። ከኋላው መጥቼ እጄን ሳሳርፍበት መዳፌን ጠበሰኝ ይላሉ። ሲሞቱም እዚያው እጃቸው ላይ ጠባሳ ነበር።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ታንኳን አዞርኳት። የኤል 3 ሞተር ያለው ከኋላ ነው።

ይህ አያቴ ደንበጉና እንደነበሩ አያረጋግጥም። ጠባሳ ከምድጃም ይመጣል። የባቡር ሠራተኛው ቢሰማ «ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም፤ እኔም ከዚያ አላልፍም። ግን «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል እንደዚያ ምሽት ከብዶኝ አያውቅም። መድፉ ሲወርድ፣ አናቱ ሲወርድ፣ የዘለሉት ዝላይ ሲወርድ፣ አንድ የተቃጠለ መዳፍ ቀረ። ቤት የሚያክል ታንክ ላይ የወጡትን አያቴን አልቀርባቸውም ነበር። ደረታቸው ድረስ ከምትደርስ፣ እሳት ከምትተፋ ቆርቆሮ ጀርባ እጃቸውን ያሳረፉትን ሰው ግን አየኋቸው።

ሥራው አሁን አልቋል። ወታደሩን ከታንኳ ኋላ አቆምኩት፤ ቀኝ እጁ ሞተሩ ላይ ነው። ጎራዴው አፎቱ ውስጥ ነው፤ የታንኳም ክዳን እንደተዘጋ ነው። ከመንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ተገን አድርጎ፣ አንድ አስካሪ ጨምሬያለሁ፤ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ፎቶ አንሥቼ ለአባቴ ላክሁለት። አስካሪውን አጉልቶ ሳያየው አልቀረም፤ «ይኼኛው ማነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

የጎረቤታችን አያት ናቸው አልኩት።